የሚያም ምሳሌ አይረሳም

ሊድስ፣ መስከረም 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ አሳምነው፤

ካሉበት ቦታ በጌታ ስም ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንኳን ለመስቀል በሰላም አደረሰዎ። የሰፈራችን የጎፈር ሜዳ ቅቤና ሥጋ እዚህ ድረስ ሸተተኝ ብል ውሸት ነው፤ እኔ ዘንድ የሚሸተው የአልጋ ማጽጃ ነው። ቢሆንም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጋሼ፣ ፊቴን በጨው ታጥቤ ነው የምጽፍልዎ። እርስዎ የአባቴ የእንጀራ እናት ወንድም ነዎት፤ ዝምድናችን ሩቅ ነው፣ ከሄድኩም ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ አልጻፍኩልዎም። ግን ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከሰው ሁሉ እርስዎ ትዝ አሉኝ።

የቋንቋ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ። ንግግሩ አያቅተኝም፤ አረጋውያኑን ሳጥብና ሳበላ ሳላቋርጥ አወራለሁ። የሚጥለኝ ጽሑፉ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ። ከኋላቸው «ቱ» የሚያስከትሉት ግሦች፣ ዋንት፣ ሆፕ፣ ዲሳይድ፣ ሪፊዩዝ፣ ወረቀቱ ፊት ስቀመጥ ሁሉም ይጠፉብኛል። የማታ ትምህርት እንዳልገባ የምሠራው ሌሊት ሌሊት ነው።

ካለፍኩ ቋሚ መኖሪያ አገኛለሁ፤ ቋሚ መኖሪያ ካገኘሁ ቤቴልን አመጣለሁ። ስሄድ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ አሁን ስምንት ሞላት። አባቷ ደቡብ አፍሪካ እንደገባ መቅረቱን ያውቃሉ። ከእናቴ ከገነቴና ከእኔ በቀር ማንም የላትም። ስለዚህ ነው የምለምንዎ። በወረቀት ጽፈው ለልጅዎ ለሲላስ ቢሰጡት ፎቶ አንስቶ በስልኩ ይልክልኛል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። መውደቄን ሰው አይስማብኝ። በተለይ ቤተ ክርስቲያን።

አክባሪዎ
ሐዳሳ


ሆሳዕና፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሐዳሳ፤

የአምላክ ጥበቃ በባዕድ አገር ጥላ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፣ ዓይኗ ብቻ እየደከመ ነው። ልጅሽ ደህና ናት። ሲላስም ደህና ነው፣ ሥራ የለውም እንጂ።

ደብዳቤሽን ሲላስ ከስልኩ ጎረቤታችን ናስረዲን ሱቅ አሳትሞ አመጣልኝ፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ እያረምኩ አነበብኩት። አማርኛሽም እየተበላሸ ነው፣ ይህን ለሌላ ቀን እናቆየው። ሦስት ጊዜ መውደቅሽ አልገረመኝም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ መስኮት ሥር ነበር የምትቀመጪው፤ ዓይንሽ ሁልጊዜ መንገዱ ላይ ነበር። መንገዱ የት እንዳደረሰሽ ይኸው አየን።

አስተምርሻለሁ። ግን በስልክ አይሆንም፤ እጅ ያልጻፈውን ጭንቅላት አይይዝም። ዘዴዬን ታስታውሽ እንደሆነ አላውቅም። በየወረዳው፣ ሞርሲቶም ቦኖሻም እዚህም ሳስተምር የጆንና የሜሪን ምሳሌ ሰጥቼ አላውቅም። ምሳሌ የማመጣው ከተማሪው ቤት ነው። አባቱ ጠጪ የሆነ ልጅ «አባቴ መጠጥ ሊያቆም ቃል ገባ» ብሎ በእንግሊዝኛ ከጻፈ፣ ፕሮሚስ የምትለዋ ግሥ ቱን እንደምታስከትል እስከ መቃብሩ ያስታውሳታል። የሚያም ምሳሌ አይረሳም። ለምን ቱ አስከተለች ብለሽ ግን አትጠይቂኝ። ምክንያት የለውም፤ አንዳንዶቹ ያስከትላሉ፣ አንዳንዶቹ አያስከትሉም፣ ይሸመደዳል።

የመጀመሪያው መልመጃሽ ይህ ነው። ወደ እንግሊዝኛ መልሺ።

ሐዳሳ ፈተናውን ማለፍ ትፈልጋለች።
እናቷ ዓይኗ ከመጥፋቱ በፊት ልታያት ተስፋ ታደርጋለች።
ሐዳሳ የሁለት ዓመት ልጅ ጥላ ለመሄድ ወሰነች።
ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

የመጨረሻዋ ግሥ ቱም ኢንግም ትቀበላለች፣ በሁለቱም ብትጽፊያት አትሳሳቺም። ልጅቷ ግን ያለቀሰችው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ጎረቤት ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

ጥቃቅን ፊደል እምቢ እያለኝ ስለሆነ የንባብ መነጽር ብትልኪልኝ አልጠላም።

አሳቢሽ
አሳምነው


ሊድስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ አሳምነው፤

የሰላም አባት ደጅዎን ይጠብቅልዎ። መልመጃውን ሠርቼ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሦስተኛዋን ዐረፍተ ነገር አውቶቡስ ውስጥ ነበር የጻፍኳት፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ምንም ሳትለኝ መሐረብ አወጣችልኝ። እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ዲሳይድን ከእንግዲህ አልረሳትም። ግን ትንሽ ለስለስ ያለ ምሳሌ ካለዎት ደስ ይለኛል።

መነጽሩን ወደ አገር ቤት በምትመለስ አንዲት እህት ልኬያለሁ፤ ለሲላስም ጫማ ጨምሬበታለሁ።

አሁን ደግሞ የከፋኝን ልንገርዎ። እናቴ ትናንት በስልክ «አይዞሽ ልጄ፣ እሁድ ጉባኤው በሙሉ ቆሞ ስለ ፈተናሽ ጸለየ» አለችኝ። መዘምራኑ ሳይቀሩ እጃቸውን ዘርግተው ጸለዩ አለችኝ፣ ደስ ብሏት። አንድ ነገር ብቻ ነበር አደራ ያልኩዎ።

ቤቴልስ ምን ሆናለች? በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች፣ ወጥታለች፣ ወንዝ ሄዳለች ይሉኛል። አሟት ከሆነ አይደብቁኝ።

ሐዳሳ


ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሐዳሳ፤

ለልደት በዓል ጤናና ልብ ይስጥሽ። የቆየሁት መነጽሩን ስጠብቅ ነው፤ ደርሶኛል፣ ተባረኪ። ጫማው ሲላስን ጠቦታል፤ ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ እያነከሰ ያደርገዋል።

ስለ ጸሎቱ እኔ ስምሽን አልጠራሁም። «በእንግሊዝ አገር አረጋውያን የምታጥብ፣ ሦስት ጊዜ የወደቀች አንዲት እህት አለችን» ብቻ ነው ያልኩት። ጉባኤው በራሱ ከደረሰበት ምን ላድርግ። ጸሎትን ሐሜት የሚያደርገው የሰሚው ልብ ነው። ደግሞ ተጠቅመሽበታል፤ ድሮ ማን እንደሆንሽ የማያውቅ ሁሉ ዛሬ ያውቅሻል። ባለፈው ሐሙስ ገበያ ላይ አንዲት ከዶዮገና የመጣች ሴትዮ ድንች እየሰፈረችልኝ «ያቺ የወደቀችው ልጅ እንዴት ሆነች?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ያስብልሻል።

ቤቴል አላመማትም። ስልክ ሲጮኽ ከበር ውጭ ትቆማለች፣ ንግግሩ ሲያልቅ ትገባለች። ልጅ የማያውቀውን ሰው ማፈሩ ያለ ነው፣ አትቀየሚያት።

መልመጃሽን አየሁት፤ ከአራቱ ሦስቱ ትክክል ነው። ሆፕ ላይ ቱን ረስተሻል። የእናትሽ ጉዳይ ሆኖ ሳለ መርሳትሽ አሳዘነኝ።

ወደ ዛሬው እንግባ። ስትሄጂ እዚሁ ግቢያችን ቆመሽ «እግሬን ከተከልኩ ሲላስን እወስደዋለሁ» ብለሻል። እኔም ሰምቻለሁ፣ እሱም ሰምቷል። እሱ ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው፤ እኩዮቹ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍተው ለአባቶቻቸው ፎቅ ይሠራሉ። ሽማግሌዎችን አማክሬያለሁ፤ ደም ስለማያገናኘን ጋብቻ ይፈቀዳል ብለዋል። በወረቀት ብቻ ይሁን ብትይ እንኳ እኔ አልከፋም።

ሐዳሳ ሲላስን ለመውሰድ ቃል ገባች።
እንግሊዝ አገር ስትደርስ የረሳች አስመሰለች።
ሲላስ መጠበቅ ቻለ።
ሐዳሳ ሲላስን ለማግባት ——።

የመጨረሻዋን ክፍት ቦታ አንቺ ሙዪያት። ተስማማች የምትለዋ አግሪም እምቢ አለች የምትለዋ ሪፊዩዝም ቱ ያስከትላሉ፤ በሰዋስው ረገድ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አሳቢሽ
አሳምነው


ሊድስ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ አሳምነው፤

ቸርነቱ ከቤትዎ አይራቅ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሌሊት ሥራው በዝቶብኝ ነው። ለሰኔ ፈተና ተመዝግቤያለሁ።

ሦስቱን ሠርቼ ልኬያለሁ። ክፍት ቦታዋን እያሰብኩባት ነው። በችኮላ የሚሞላ ነገር አይደለም፤ ሲላስ ደግሞ ጥሩ ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ ትምህርቱን እንዳያቋርጡብኝ። ኦፈርን፣ ሴክን፣ ዴርን ገና አልነገሩኝም።

አንድ ተጨማሪ ልመና አለኝ። እዚህ የማውቃት የዱራሜ ልጅ ታናሽ እህቷን ልታመጣ ስትል፣ ቃለ መጠይቁ ላይ አስተርጓሚው የልጅቷን ቃል አጣሞባት ነገሩ ሁለት ዓመት ተጓተተ። የእኔም ወረቀት ሲደርስ ቤቴል መጠየቋ አይቀርም። በሌላ ሰው አፍ እንድትናገር አልፈልግም። እባክዎን ለእሷም እንግሊዝኛ ያስተምሩልኝ። ብዙ አይደለም፤ ምን እንደምትፈልግ ራሷ መናገር ከቻለች ይበቃኛል።

ለሲላስ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ሐዳሳ


ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጃችንና ለምራታችን ለሐዳሳ፤

ትንሣኤው በረከት ይዞልሽ ይምጣ። ደብዳቤሽን ሲላስ ሦስት ጊዜ አነበበው። «ጥሩ ሰው ነው» ያልሽውን እየደጋገመ ለጓደኞቹ አሳየ። እኔ ገና ነው፣ ቆይ ብለው ማን ይሰማኛል። ግራጫ ሱፍ አሰፍቷል። መዘምራኑ መዝሙር እየመረጡ ነው። እናትሽም ሰምታ እልል ብላለች፤ ከአንቺ አለመስማቷ ትንሽ ቢከፋትም ለሠርግ ሲሆን ሁሉም ይረሳል።

ቤቴልን ከትምህርት ቤት መልስ ሁልጊዜ እያስተማርኳት ነው። ካንቺ በጣም ትሻላለች። አንቺ በዘጠነኛ ክፍል ያልያዝሽውን እሷ በሁለተኛ ክፍል ያዘችው። ዋንትን ያስተማርኳት እንዲህ ነው፤ በሀዲይኛ «ምን ትፈልጊያለሽ?» እላታለሁ፣ የፈለገችውን ትነግረኛለች፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ አስይዛታለሁ። ጥቁር ፍየል መግዛት እፈልጋለሁ አለች። ከአያቴ ጋር መተኛት እፈልጋለሁ አለች። ዘፋኝ መሆን እፈልጋለሁ አለች፤ ዘማሪ በይ ብዬ አረምኳት። የሌላ ሰው ምኞት አልሸጥላትም፤ ያ የልጅ ምላስ ላይ አይቆይም።

ክፍት ቦታዋን እኔው ሞላሁልሽ። ሐዳሳ ሲላስን ለማግባት ተስማማች። አንቺ ወደ እንግሊዝኛ መልሰሽ ላኪልን፤ ሲላስ በእጅ ጽሑፍሽ ሊያያት ይፈልጋል።

የነገ አማትሽ
አሳምነው


ሊድስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ አሳምነው፤

ጌታ የሚገባዎትን ይስጥዎ።

አለፍኩ። ጽሑፉን በጥሩ ውጤት አለፍኩ፤ ለቋሚ መኖሪያዬም ማመልከት ጀምሬያለሁ። ቱ ያለባትን አንዲትም ግሥ አልሳትኩም። ይህ የእርስዎ ውለታ ነው፣ ምስጋናዬን አልከለክልዎም።

ክፍት ቦታዋ ግን በሪፊዩዝ ትሞላ። ምራት የሆንኩት በእርስዎ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እያሰብኩበት ነው ያልኩት ትምህርቱን እንዳያቋርጡብኝ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም። እርስዎ የልጄን ለቅሶ መልመጃ ሲያደርጉት አፍረዋል?

አሁን ተማሪዋ ለመምህሯ መልመጃ ትስጥ። ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱልኝ።

ሲላስ ሥራ ለመፈለግ እምቢ አለ።
አባቱ ልጁን በሴት ቀሚስ ጠቅልሎ ባሕር ሊያሻግር አቀደ።
መምህሩ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተማረ፣ ከአንድ እንግሊዝ ጋር ግን ለማውራት አልደፈረም።
ሚስቱ ከእሱ ጋር ከመኖር ዶዮገና ወንድሟ ቤት ድንች መቆፈር መረጠች።

የሚያም ምሳሌ አይረሳም ብለውኝ የለ። ደብዳቤው የሚደርሰው በሲላስ ስልክ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ያነበዋል፤ ያንብበው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ይውጣ። ከፈለጉ እሁድ ጉባኤው ቆሞ ይጸልይበት።

ሐዳሳ


ሊድስ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ አሳምነው፤

በትሕትና ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላም እልዎታለሁ። ይህን በናስረዲን ሱቅ ስልክ ልኬዋለሁ። ሲላስ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሞያሌ በኩል መውጣቱን፣ ከናይሮቢ አንድ ጊዜ ደውሎ ከዚያ ወዲህ ድምፁ መጥፋቱን እናቴ ነግራኛለች። ይቅር ይበሉኝ። የሐምሌውን ደብዳቤ ስጽፍ ስድስት ዓመት የታመቀ ነገር ነበር የወጣኝ፤ እሱ ላይ ማረፍ አልነበረበትም። በየቀኑ እጸልይለታለሁ።

እናቴ ሌላም ነገር ነግራኛለች። ያ ሁሉ ከሆነ በኋላም ቤቴልን አንድ ቀን ሳያቋርጡ ማስተማርዎን። ይህን ስሰማ የማጥበውን ሰው ትቼ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔ እንደ እርስዎ ያለ ልብ የለኝም።

መኖሪያዬን አግኝቻለሁ፣ የቤቴልንም ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ለየካቲት መጨረሻ አዲስ አበባ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች። እናቴ ዓይኗ ከደጅ አያደርሳትም። ልጅቷ ደግሞ ከምታውቀው አዋቂ ጋር መቅረብ አለባት። ከእርስዎ በቀር የማምነው ሰው የለኝም። ክፍል አዘጋጅቻለሁ፤ አልጋዋን ቢጫ ቀብቻታለሁ፤ ከመስኮቷ ዛፍ ይታያል። እባክዎን ጋሼ፣ ይውሰዱልኝ። ከዚህ በኋላ ያዘዙኝን ሁሉ አደርጋለሁ።

ልጅዎ
ሐዳሳ


ሆሳዕና፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐዳሳ፤

የፍቅር አምላክ ልብሽን ያጽናልሽ። እናትሽ ደህና ናት። ልጅሽም ደህና ናት። ስለ ሲላስ የምነግርሽ ነገር የለኝም፤ የሐምሌውን ደብዳቤሽን እሱ ነው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበበልኝ፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል። ሱፉን ናስረዲን ሱቅ ሸጦ በዚያው ሳምንት ሄደ።

እንደለመንሽኝ ቤቴልን አዲስ አበባ ወስጃታለሁ። የዓመት በዓል ቀሚሷን አልብሰን ፀጉሯን አሠርተናት ነበር። ጠያቂዋ ወጣት እንግሊዛዊት ናት፣ ትሑት ሰው። እኔ እንደ አሳዳጊ ዘመድ ጥግ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዝም በሉ ስላሉኝ ዝም አልኩ። አስተርጓሚም ነበረ፣ ግን ሥራ ፈትቶ ዋለ። ልጅቷ ሁሉንም በእንግሊዝኛ መለሰች። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ክፍሏን፣ አያቷ ገነቴ መባሏን። የአንቺንም ስም ስትጠየቅ በትክክል ተናገረች፤ አስጠንቻት ነበር።

ከዚያ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ «ከእናትሽ ጋር እንግሊዝ አገር መኖር ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

የመለሰችውን ቃል በቃል ላስቀምጥልሽ፤ አንቺ እንግሊዝኛ አዋቂ ስለሆንሽ ታመዛዝኚዋለሽ። «ኖ። አይ ዶንት ዋንት ቱ ጎ። አይ ዋንት ቱ ስቴይ ዊዝ ማይ ግራንድማዘር» አለች። ሴትዮዋ ያልገባት መስሏት በቀስታ ደገመችላት። «አይ ሪፊዩዝ ቱ ጎ» አለቻት፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሳትርበተበት። አንዲትም ስህተት የለባትም። ሴትዮዋ ሁሉንም ጻፈች። «ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?» ስትላት ቤቴል ወደ እኔ አመለከተች። እንግሊዛዊቷም ተነሥታ ጨበጠችኝና ግሩም መምህር ነዎት አለችኝ። እኔም አመሰገንኳት፣ ስለ ሥራዬም ትንሽ አወራን። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በአፏ ያስገባሁባት ነገር ካለ እግዚአብሔር ይፍረድብኝ። ከመሄዳችን በፊት እንደ ሁልጊዜው በሀዲይኛ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ነገረችኝ። እኔ እንግሊዝኛውን ብቻ ሰጠኋት። እናትሽ ክፍል አዘጋጅታልሻለች፣ አልጋሽን ቢጫ ቀብታልሻለች ልላት እችል ነበር። አላልኳትም። ያን መንገር የእናት ሥራ ነው፣ የእንግሊዝኛ መምህር ሥራ አይደለም። ምናልባት ብነግራት ሐሳቧን ትቀይር ነበር፤ አሁን ማወቅ አይቻልም።

መልሱ ትናንት መጥቷል። አልተፈቀደም። በልጅቷ ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ ነው ይላል፤ አቀራረቡ የተከበረ ነው። ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ ቢሮው ተዘግቷል ብያታለሁ። አንቺ ስትደውዪ እንደፈለግሽ ንገሪያት።

ስንመለስ አውቶቡሱ ቡታጅራ ላይ ቆመ። ሙዝ ገዛሁላት። ግማሹን በልታ ቀሪውን በልጣጩ ጠቀለለችና «ጋሼ፣ ሴትዮዋ ትቀየመኛለች?» አለችኝ። ጠያቂዋን ማለቷ መስሎኝ «ለምን ትቀየምሻለች፣ አመስግናሽ የለም ወይ» አልኳት።

«እሷን አይደለም» አለችኝ። «በስልክ የምትደውለዋን ሴትዮ ነው።»

ሰላሙ ይብዛልሽ።

አሳምነው